ትንሽዬ የማይታጠፍ ቢላ ስትመርጡ መጀመሪያ አፎቱን እዩ

ሰው ቢላ ሊገዛ ሲል ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ብረቱና ስለ ስለቱ ርዝመት ነው፣ በየቀኑ ይዘነው ለምንወጣው ቢላ ግን እኔ ቀድሜ የማየው አፎቱን ነው። ቢላው የፈለገ አሪፍ ቢሆን አፎቱ ከጎረበጣችሁ ወይ ስትቀመጡ ጎናችሁን ከወጋ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀረው።

ሰንጢ አይሻልም ወይ የሚል አይጠፋም። ሰንጢም ጥሩ ነው፣ ግን ማጠፊያው ውስጥ አቧራና የካርቶን ብናኝ ይጠራቀማል፣ መቆለፊያውም ሊላላ ይችላል፣ የማይታጠፈው የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለው አጥባችሁ አድርቃችሁ መመለስ ነው በቃ።

መጠኑ ላይ ብዙ አልጨነቅም፣ ለካርቶን ለገመድ ለፍራፍሬ ከ6 እስከ 8 ሳንቲሜትር ስለት ይበቃል። ውፍረቱ ግን ልዩነት ያመጣል። ሞራ የሚባለው ቢላ ሰሪ የሚያወጣት ኤልድሪስ ስለቷ 59 ሚሊሜትር ብቻ ነው፣ ውፍረቷ 2 ሚሊሜትር ስለሆነ ፖም ስትቆርጡባት ሳትሰነጥቀው ታልፋለች፣ ወፍራሞቹ ግን ካርቶን መሀል ላይ ሲደርሱ ይቀረቀራሉ። ኢኤስኢኢ የሚባለው ሌላ ቢላ ሰሪ የሚያወጣት ኢዙላ ደግሞ እጀታዋ ባዶ ብረት ስለሆነ ብዙ ሰው ፓራኮርድ (ቀጭን ጠንካራ የናይለን ገመድ) ይጠመጥምበታል፣ መያዣው ይመቻል ግን የምትቆርጡትን ነገር ጭማቂ ሁሉ ይመጥና መሽተት ይጀምራል 😅

ወደ አፎቱ ልመለስ። ካይዴክስ (ጠንካራ ፕላስቲክ) ከሆነ ቢላውን ከተታችሁ አልጋ ላይ (እግራችሁ ላይ አይደለም!) ዘቅዝቃችሁ በደንብ አራግፉት፣ መውደቅ የለበትም። ሲገባ ቀጭ ማለት አለበት። ከዛ ስታወጡት አውራ ጣታችሁ የአፎቱን ከንፈር እየገፋ ቀስ ብሎ ይላቀቅ፣ በጉልበት ጎትታችሁ የምታወጡት ከሆነ ግን ሲለቅ እጃችሁ ተወርውሮ የሆነ ነገር ይቆርጣል፣ ምናልባት ሌላኛውን እጃችሁን። ቆዳ አፎት ለሰውነት ይለሰልሳል ድምፅም የለውም፣ ግን እርጥበት ይይዛል፣ ካርቦን ስቲል እሱ ውስጥ ከርሞ ሲወጣ ዝጎ ነው።

ብረቱም የሚወሰነው በዚህ ነው። ሱሪና ሸሚዝ መሀል የሚያዝ ቢላ ላብ ያገኘዋል፣ ስለዚህ እንደ 1095 ያለው ካርቦን ስቲል ለመሳል ቢቀልም ዘይት ዘይት እያላችሁ ልትኖሩ ነው፤ እኔ ስቴንለስ (ዝገት የሚቋቋም ብረት)፣ በተለይ 14ሲ28ኤን የሚባለውን ዓይነት እመርጣለሁ። አንገት ላይ የምታንጠለጥሉ ከሆነ ሰንሰለቱ ሲጎተት በቀላሉ የሚበጠስ ይሁን፣ የሆነ ነገር ላይ ቢያዝ የሚታነቀው አንገታችሁ ነው። ለኔ የሚመቸኝ ቀበቶ ላይ ከፊት በኩል አግድም ሆኖ ልብስ ሲሸፍነው ነው።

የምሸፍነው ሰው እንዳይደነግጥ ነው እንጂ ለጠብ ብዬ አይደለም፣ ለጠብ የሚፈልግ ሰው ከኔ ምክር አያገኝም። ህጉን ደግሞ ሳታዩ እንዳትገዙ፣ ከአገር አገር ይለያያል፣ አንዳንዱ ቦታ መሸፈኑ ራሱ ወንጀል ነው። እንግሊዝ ውስጥ ለምሳሌ የማይቆለፍና ስለቱ ከ7.62 ሳንቲሜትር የማይበልጥ ሰንጢ ያለ ምክንያት መያዝ ይቻላል፣ የማይታጠፍ ቢላ ግን የቱንም ያህል ቢያንስ ውጪ ለመያዝ በቂ ምክንያት ያስፈልገዋል። አውሮፕላን የምትሳፈሩ ከሆነም ከአፎቱ ጋር ጠቅልላችሁ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ነው የምትከቱት፣ ቀበቶ ላይ ረስታችሁት ፍተሻ ጋ እንዳትደርሱ።