ከባሪ በርን ወዲህ
በስኮትላንድ ምሥራቃዊ ጠረፍ በሚገኘው የካርኑስቲ ሜዳ፣ የጎልፍ ተጫዋቾችን ቦርሳ እየያዝኩ ርቀትና ነፋስ የምነግር ካዲ ነኝ። ሜዳው በባሕር ዳርቻ አሸዋማ መሬት ላይ የተዘረጋ፣ ሊንክስ የሚባለው ዓይነት ነው። ከሁለት በላይ ተከታታይ ጉድጓዶች (የመጫወቻ መስመሮች) ወደ አንድ አቅጣጫ ስለማይሄዱ፣ ከጀርባ ሲገፋ የነበረው ነፋስ ጥቂት ቆይቶ ፊት ለፊት ይመጣል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ባሪ በርን የተባለው ጠባብ ወንዝ ነው፤ በ17ኛውና በመጨረሻው 18ኛ ጉድጓድ ላይ እየተጠማዘዘ መንገድ ይዘጋል፣ በመጨረሻም ከ18ኛው ግሪን፣ ማለትም ባንዲራው ከተተከለበት አጭር ሣር፣ ፊት ለፊት ያልፋል።

አንድ ቀን በዕድሜ የገፉ እንግዳ እስከ 17ኛው ድረስ በ83 ምት ደረሱ። ከ90 በታች መጨረስ የብዙ ዘመን ምኞታቸው ስለነበር፣ በ18ኛው 6 ምት ቢፈጅባቸው እንኳ ይሳካላቸዋል። የመጀመሪያው ምታቸው በስተቀኝ ካለው ረጅም ሣር ውስጥ ገባ። “እስከ ባንዲራው ስንት ያርድ ነው?” አሉኝ፣ እጃቸው ረጅሙን ዱላ ለማውጣት ወደ ቦርሳው እየሄደ። ቆንጥሬ የበተንኩት ሣር ተመልሶ ጃኬቴ ላይ አረፈ። “ባንዲራው 200 ነው፤ ወንዙ ግን 165 ላይ ይጀምራል፣ ለመሻገር 180 ያስፈልግዎታል፤ ነፋሱም ፊት ለፊት ነው” አልኳቸው።

በ1999 ብሪታንያ ኦፕን በተባለው ታላቅ የጎልፍ ውድድር የመጨረሻ ቀን፣ ፈረንሳዊው ዣን ቫን ደ ቬልድ እዚሁ ጉድጓድ ላይ የሦስት ምት ብልጫ ይዞ ደርሶ ነበር፤ 6 ቢመታ ዋንጫው የእሱ ነበር። ሁለተኛው ምቱ ከተመልካቾች መቀመጫ ብረት ተላግቶ፣ የወንዙን ግንብ ነክቶ ወደ ኋላ ሣር ውስጥ ተመለሰ፤ ሦስተኛው ወንዙ ውስጥ ገባ፤ ጫማውን አውልቆ ውኃው ውስጥ ቆሞ ካሰበበት በኋላ ቅጣቱን ተቀብሎ በ7 ጨረሰ፤ በእኩል ምት የጨረሱት በተጋጠሙበት ማጣሪያም ቀኑን ከመሪው በ10 ምት ርቆ የጀመረው ፖል ሎሪ አሸነፈ። ሰዎች በቫን ደ ቬልድ ሲስቁ ደስ አይለኝም፤ ኳሱ መቀመጫው መካከል ቀርቶ ቢሆን ያለ ቅጣት አንሥቶ ማስቀመጥ ይፈቀድለት ነበር።

እንግዳዬ ይህን ታሪክ ያውቁታል። ወንዙን ለአፍታ ተመለከቱና ረጅሙን ዱላ ትተው አጭር ርቀት የሚመታውን ዱላ፣ 9 ቁጥሩን አይረን፣ ጠየቁኝ። ኳሱን ከወንዙ ወዲህ አሳረፉ፣ ለቅርብ ምት በሚሆነው ዱላ፣ በዌጅ፣ ግሪኑ ላይ አወጡ፣ በሦስት ፐት (ኳሱን በማንከባለል ምት) 6 አድርገው በ89 ጨረሱ። ሐሳባቸውን ያስቀየራቸው 180 የሚለው ቁጥር እንደሆነ በኋላ ነገሩኝ።

ስለዚህ ለአዳዲስ ካዲዎች የምነግራቸው፣ እንግዳው የባንዲራውን ርቀት ቢጠይቅም ለመሻገር የሚያስፈልገውን ያርድ አስቀድመው እንዲናገሩ ነው፤ ይህንንም ዱላው ከቦርሳው ከመውጣቱ በፊት።