የበሶብላ ጥቅል

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ ስለ ዋለ ነው መሰለኝ፣ ከሥራ ስወጣ ጀምሮ ልቤ ያለ ምክንያት ከብዶኝ ነበር። ቤት ስገባ ወንድሜ ጋሼ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ዘንድ ተቀምጦ፣ በደነዘዙ ጣቶቹ ስስ ወረቀት ለመጠቅለል ሲታገል አገኘሁት፤ ከተፈጨው ካናቢስ ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ተበትኗል። ቀና ብሎ ሳያየኝ «ተይው፣ እኔው እጨርሰዋለሁ» አለኝ። አልጨረሰውም።

የጣቶቹ መደንዘዝ ለካንሰሩ የሚወስደው የኬሞቴራፒ ጣጣ እንደሆነ ሐኪሞቹ አስቀድመው ነግረውን ነበር፤ ማቅለሽለሹንም ነግረውናል፣ ነገር ግን ለሦስት ቀን ውኃ እንኳ የማያስቀር ማቅለሽለሽ ምን እንደሚመስል በቃል የሚነገር አይደለም። የዚሁን ተክል ንጥረ ነገር በቤተ ሙከራ አስመስለው የሚሠሩትና በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ለኬሞቴራፒ ሕሙማን የተፈቀደው ክኒን ታዞለት ነበር፤ ሆኖም ክኒኑ ሥራውን ሳይጀምር ያስመልሰዋል። በምግብ ተሠርቶ የሚበላውም ያው ነው፤ በጉበት በኩል ስለሚያልፍ ለመሥራት ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል፣ ከመጣ በኋላ ደግሞ ልክ ይሁን ከልክ ያለፈ መመለሻ የለውም። የሚተነፈሰው ግን በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚሰማው፣ ሁለት ጊዜ ስቦ «በቃኝ» ማለት ይችላል። ባለፉት ስምንት ወራት ስለ ገዛ አካሉ «በቃኝ» ብሎ የወሰነው ሌላ ነገር ትዝ አይለኝም።

እንግዲህ የሚተነፈስ ከሆነ በምን ይሁን የሚለውን ጥያቄ ለብዙ ሌሊት ይዤው አመሸሁ። ወጣት ሳለ ከትንባሆ ጋር ቀላቅሎ ያጨስ እንደነበር ራሱ ነግሮኛል፤ ያ ከሁሉ የከፋው ነው፣ ከስንት ዓመት በፊት ያሸነፈውን የኒኮቲን ሱስ መልሶ የሚቀሰቅስ ነውና። ቅጠሉን ሳያቃጥል እስከ 180 ወይም 200 ዲግሪ ብቻ የሚያሞቀውን ቬፐራይዘር የተባለ መሣሪያ ራሴ መርጬ አስገዛሁት፤ ቃጠሎ ከሌለ ሬንጁም ካርቦን ሞኖክሳይዱም በእጅጉ ይቀንሳል፣ ለደነዘዘ ጣትም ቢሆን ጉድጓዷን ሞልቶ መክደን ብቻ ነው። ጋሼ አንድ ቀን ሞክሮ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። «ይኼም ሌላ የሆስፒታል ዕቃ ነው» አለኝ። ሐኪሟ በበኩሏ፣ ነጭ የደም ሕዋሱ በወረደባቸው ሳምንታት ቅጠሉ ላይ ያለ ሻጋታ ሳንባውን እንዳያጠቃው ስለምትሰጋ፣ በእነዚያ ቀናት በየትኛውም መንገድ እንዳይተነፍሰው አጥብቃ ነግራዋለች፤ ይህን እንኳ ያከብራል። በተረፉት ቀናት ግን ወረቀቱን አይለቅም።

በውኃ ውስጥ የሚያልፍ ጢስ ይሻል ይሆን ብዬም አስቤ ነበር። ውኃው ጢሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ የረባ ማጣሪያ አይሆንም፤ ይሁንና ያን ሳነብ የአያቴ ጎረቤት የነበሩት አሮጊት ከነጋያቸው ፊቴ ድቅን አሉ። የቅሉ ሆድ፣ የሸምበቆው ቀሰም፣ ፍሙ የሚቀመጥባት የሸክላ ራስ፣ ከሁሉም በላይ ያ የውኃ ጉርጉርታ፤ ሰፈሩ በሙሉ እንደ ነውር እያየ ዝም ይላቸው ነበር። በኋላ እንዳነበብኩት ደግሞ፣ ከጣና ሐይቅ ብዙም በማይርቅ፣ የላሊበላ ዋሻ በሚባል ስፍራ በቁፋሮ የተገኙ ሁለት የሸክላ የጋያ ራሶች ውስጥ የካናቢስ ቅሪት ተገኝቶባቸዋል፤ አጥኚዎቹም ዕድሜያቸውን ወደ 14ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ አድርሰውታል። ያ ሰው ማን ነበር? ታሞ ነበር ወይስ አዝኖ? ሸክላውን የሞላለት የራሱ እጅ ነበር ወይስ የእኅቱ? ስለማላውቀው ሰው እጅ ይህን ያህል መጨነቄ አስገርሞኛል፤ ነገር ግን ሐሳቡ ከዚያ ወዲህ አልለቀቀኝም።

የሚያስጨንቀኝ የእኔው እጅ ነውና። በምንኖርባት የአሜሪካ ግዛት በሜሪላንድ፣ ካናቢስ 21 ዓመት ለሞላው ሰው እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2023 ጀምሮ ተፈቅዷል፤ ጋሼም ዜጋ ስለሆነ ሄዶ ይገዛል፣ መታወቂያውን አሳይቶ ይወጣል። የእኔ የዜግነት ማመልከቻ ግን ገና በእንጥልጥል ላይ ነው፤ የፌዴራሉ ሕግ ዛሬም ይከለክላል፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የኢሚግሬሽን መመሪያም በግዛት የተፈቀደ ቢሆን እንኳ መያዙ የአመልካችን መልካም ጠባይ ጥያቄ ውስጥ ሊያስገባ እንደሚችል በግልጽ ይናገራል። ስለዚህ ወንድሜ ሲያስመልሰው ሳህን እይዝለታለሁ፣ ጀርባውን አሻለሁ፣ አጥሚት አሞቅለታለሁ፤ ያችን ወረቀት ብቻ አልነካም። እሱም አንድ ቀን እንኳ ጠቅልይልኝ ብሎኝ አያውቅም፤ ይህ ዝምታው ከልመና ይብስብኛል።

አሁን ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሆኗል፣ እሱ ተኝቷል። ከእናቴ የተላከልንን ደረቅ በሶብላ ከቅመም ዕቃው አውጥቼ፣ ጠረጴዛው ላይ ትቶት በሄደው ወረቀት ስጠቀልል ቆየሁ። በጣም ከደቀቀ አየር አያሳልፍም፣ ካልደቀቀ ደግሞ ወረቀቱን ይቀደዋል፤ ጠበቅ ሲል ይታፈናል፣ ላላ ሲል ይበተናል። አምስተኛው ደህና ወጣልኝ። ቤቱ በእናቴ ወጥ ቤት ሽታ ተሞልቷል፣ ስድስተኛው ወረቀት ባዶውን ፊቴ ተዘርግቷል። ነገ ጠዋት ጋሼ ያን ከረጢት ይዞ ጠረጴዛው ዘንድ ሲቀመጥ፣ እጄን እዘረጋ ይሆን?