ገናን የት ትውያለሽ?

በዓል ሲቃረብ አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ያንኑ ነው። «ገናን የት ትውያለሽ?» እናቴ ካረፈች ወዲህ ይህን ስሰማ ሆዴ ይባባል። ያደግንበት ቤት ተሽጧል። ወንድሞቼ ውጭ አገር ናቸው። ጓደኞቼ «ነይ እኛ ጋ» ይሉኛል፣ ከልባቸው ነው። ግን ሰው ቤት መዋልና ቤት መዋል አንድ አይደለም። ዘንድሮ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ወደ ወሎ ወጣሁ፤ ላሊበላ።

መንገዱ ረጅም ነው። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ ጆሮ ይደፈናል። ሸዋ ሮቢት ሙቀቱ ጃኬት ያስወልቃል። ከኮምቦልቻ በኋላ ዳገቱ መልሶ ወደ ብርዱ ያወጣል። ደሴ አደርን። ጠዋት መኪናው እስኪነሳ ቡና የሚያፈሉ አንዲት ሙስሊም እናት ጋ ተቀመጥኩ። ወዴት እንደምሄድ ስነግራቸው ፊታቸው በራ። «እሰይ! እንኳን አደረሳችሁ!» ሒሳብ ስሰጣቸው እጄን መለሱት። «አብሽሪ፣ እሱ ይቅር። ለኔም ዱዓ አርጊልኝ።» ወሎ እንዲህ ነው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ጣራ ሥር የሚኖሩበት ቤተሰብ እዚህ ብርቅ አይደለም።

ከወልድያ በኋላ ደጋውን ወጥተን ጋሸና ላይ ወደ ቀኝ ታጠፍን። ከዚያ ወዲያ የመንገዱ ዳር በነጭ ነጠላ ተሞልቷል። በእግራቸው የሚመጡ ናቸው። ሽማግሌዎች በትራቸውን ተደግፈው፣ እናቶች ሕፃን አዝለው፣ በሶና ቆሎ ቋጥረው። በመኪና ተቀምጬ እነሱን ማለፍ ከበደኝ።

ከተማው ስንደርስ መሽቷል። ሆቴሉ ሁሉ ሞልቷል። አንዱ «አልጋ የለም»፣ ሌላው «ትናንት ብትመጪ ኖሮ» አለኝ። ሻንጣዬን እየጎተትኩ ስወርድ አንድ ደጅ ላይ ሰው ተሰብስቦ አየሁ። የቤቱ እናት በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ሳፋ፣ አጠገባቸው ለብ ያለ ውሃ በጆግ። ልጃቸው ፎጣ ይዞ ቆሟል። ከሩቅ የመጡትን እግር ያጥባሉ። ይህ የላሊበላ ሰው የቆየ ልማድ ነው፤ ለገና የመጣ እንግዳ እግሩን ይታጠባል፣ ይበላል፣ ያርፋል።

«ነይ ልጄ፣ ቁጭ በይ።»

«እኔ በመኪና ነው የመጣሁት እማማ፣ አልደከመኝም» አልኩ።

«ማን ደከመሽ አለሽ? እግርሽን ስጪኝ።»

ጫማዬን አወለቁልኝ። እጃቸው ሻካራ ነው፣ የሠራ እጅ። ተረከዜን በመዳፋቸው ይዘው በሌላው እጃቸው ውሃውን ቀስ እያሉ አፈሰሱ። በጣቶቼ መሃል ሳይቀር አሹ። ከእናቴ በኋላ እግሬን የነካ ሰው የለም። ዕንባዬ መጣ። አይተውኛል፣ ግን ምን ሆንሽ አላሉኝም። ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ሲያጥብ ጴጥሮስ «አይሆንም» ያለው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። እንዲህ መወደድ ያሳፍራል። ምንም ሳታመጪ፣ ማን እንደሆንሽ ሳትጠየቂ።

ሽሮ በልቼ፣ ከገጠር ከመጡ ሴቶች ጋር ጎን ለጎን ሳር ላይ ጋደም አልኩ። አልጋ አጥቼ ነበር። ይህ ሌሊት ደግሞ ማርያም ማደሪያ አጥታ ልጇን በግርግም ያስተኛችበት ነው። ገናን ስንት ዓመት አክብሬ ይህን ነገር አስቤው አላውቅም። ቤት የሌለው ሰው ከዚህ በዓል ውጭ የቆመ ይመስለኝ ነበር። በዓሉ ግን የሚጀምረው ከእሱ ነው።

ሌሊቱን በቤተ ማርያም ቅጥር ቆምን። 11ዱም አብያተ ክርስቲያናት ከአለት የተፈለፈሉ ናቸው፤ ቤተ ማርያምን ለማየት ወደ ታች መውረድ አለባችሁ። ታኅሣሥ 29 የጌታ ልደት ብቻ አይደለም፤ የቅዱስ ላሊበላም ልደት ነው ይባላል። ሲነጋ ካህናቱ በአለቱ ጠርዝ ላይ ዙሪያውን ቆሙ፣ ሌሎቹ ከታች። የላዮቹ የመላእክት፣ የታችኞቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው። «ቤዛ ኩሉ ዓለም ዮም ተወልደ» ሲባል ከላይና ከታች እየተቀባበሉ ያሸበሽባሉ። ከበሮው አለቱን እየመታ ደረት ውስጥ ይገባል። ከጎኔ የነበረች ገበሬ ሴት ብርድ ብርድ ሲለኝ አይታ የጋቢዋን ጫፍ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝ።

ዳዊት «አባቴና እናቴ ትተውኛልና፥ እግዚአብሔር ግን ተቀበለኝ» ይላል። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ቃል ነው። እዚያ ቆሜ ግን እግዚአብሔር በምን እጅ እንደሚቀበል አየሁ። የእናቴ ናፍቆት አልጠፋም፤ እንዲያውም ያን ጠዋት ባሰብኝ። ግን ናፍቆቴን ይዤ የምቆምበት ቦታ አገኘሁ። የተሸጠው ቤት የእናቴ ፍቅር የሚኖርበት ነበር። የፍቅሯ ምንጭ ግን ቤቱ አልነበረም፣ እሷም አልነበረችም። እሷም የሰጠችኝ ከእግዚአብሔር የተቀበለችውን ነው። ይህን በሙሉ ልቤ አምናለሁ።

ከቅዳሴ በኋላ እማማ ቤት ተመለስን። ከኅዳር 15 ጀምሮ የተጾመው ጾም ተፈታ። የዶሮውን ብልት ሲያድሉ እኔንም ቆጥረውኛል፤ እንቁላሉም ደርሶኛል። «ለጥምቀትም ትቆያለሽ አይደል?» አሉኝ። ሥራ እንዳለብኝ ነገርኳቸው። «እንግዲያው ለፋሲካ» ብለው ወጥ ጨመሩልኝ።

ለገና ልትሄዱ ያሰባችሁ፣ አልጋ ቀደም ብላችሁ ያዙ። ቶሎ የሚወልቅ ጫማ አድርጉ፣ ጋቢም አትርሱ፤ ሌሊቱ ይበርዳል። አልጋ ባታገኙም ግን ሂዱ።