ሁለት ሦስተኛ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ደብሮኝ ነው የዋልኩት። ምክንያት የለውም። አመሻሽ ላይ መንገድ ዳር ሚዛን ይዞ የሚቀመጠው ልጅ «ጋሼ፣ ክብደት!» አለኝ። ጋሼ መባሉም ደበረኝ። ወጣሁበት። ካሰብኩት 4 ኪሎ ይበልጣል።

ይሄ ሁሉ ከየት መጣ? እያልኩ ወደ ቤት ሳዘግም ነገሩ መስመር ሳተ። ሰውነቴ ውስጥ ያሉት ኳርኮች (ፕሮቶንና ኒውትሮን የተሠሩባቸው ቅንጣቶች) የራሳቸው ክብደት ቢደመር ከኪሎዬ 1 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው። ሌላው እነሱን አስሮ የያዘው ጉልበት ነው። (ለእህቴ ይሄን ብነግራት «ሽሮው አይደለም ማለት ነው?» ትለኛለች።)

እኔን የሚያናድደኝ ግን ኤሌክትሮን ነው። ሁለት ታላላቆች አሉት፤ ሙዮንና ታው። በክብደት ካልሆነ አይለዩም። ሙዮን የኤሌክትሮንን 207 እጥፍ፣ ታው 3477 እጥፍ ገደማ። ለምን? ስታንዳርድ ሞዴል የሚባለው ዋናው የቅንጣቶች ንድፈ ሐሳብ መልስ የለውም። ተለክቶ የመጣውን ቁጥር ተቀብሎ ያስገባል፣ አለቀ።

በ1981 (በፈረንጆቹ) ዮሺዮ ኮይዴ የሚባል ጃፓናዊ የፊዚክስ ሊቅ አንድ ነገር አየ። ሦስቱን ክብደቶች ደምር። ከዚያ የየራሳቸውን ስኩዌር ሩት ደምረህ ድምሩን በራሱ አባዛው። የፊተኛውን ለኋለኛው አካፍል። ሁለት ሦስተኛ! ያኔ ታው 1784 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣቶች ክብደት መለኪያ ነው) አካባቢ ነው ይባል ነበር። ቀመሩ ግን «የለም፣ 1777 ነው» አለ። በ1992 ቤጂንግ ውስጥ እንደገና ሲለካ 1777 ገደማ ሆኖ ቁጭ። ቀመሩ ሳይሆን ልኬቱ ነበር የሳተው።

ግን ለምን እንደሚሠራ ሁሉም የተቀበለው ማብራሪያ የለም። አጋጣሚ ቢሆንስ? የሚያምር ነገር ሲዋሽ አይተናል። በ2002 ኒውትሪኖ የሚባሉት በጣም ቀላል ቅንጣቶች ዓይነታቸው እንዴት እንደሚቀላቀል ለማሳየት የወጣው ንድፍም ያምር ነበር። የመቀላቀሉን ልክ ከሚናገሩት ማዕዘኖች አንደኛዋን ዜሮ ናት አለ። በ2012 ቻይና፣ ዳያ ቤይ ላይ ስትለካ ከ8 ዲግሪ በላይ ሆና አረፈችው።

ቢሆንም ልቤ ለኮይዴ ያደላል። ራቱ እስኪበርድ በስልኬ ሳሰላ አመሸሁ። 0.6666። እህቴን ጠርቼ አሳየኋት።

«እና?» አለችኝ።

እኔ ምን አውቃለሁ? አምስተኛው አሃዝም 6 መሆኑን አሳየኋት። በሩን ዘግታብኝ ሄደች።