ቅጹ ይጠር ወይስ ይጠብቅ?

ለዲዛይን ቡድናችን የተሰጠው ሥራ በአንድ መስመር ተጽፎ ነው የመጣው፦ «ተጠቃሚዎች የምዝገባ ቅጹን ስለማይጨርሱት ቅጹ ይጠር»። ላይ ላዩን ሲያዩት ችግር ነው፤ ጠጋ ብለው ሲያነቡት ግን መፍትሔውን ይዞ የመጣ ትእዛዝ ነው። ሰው ሳናነጋግር የት እንደምንመለከት ተወስኖልናል። ይህ ሁልጊዜ ያሳስበኛል።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት ቅጹን በስልኳ ላይ ስትሞላ አጠገቧ ተቀምጬ አየሁ። ስሟንና አድራሻዋን ፈጥና ሞላች። የመታወቂያ ቁጥር ስትጠየቅ ቦርሳዋን በረበረች፤ አጣችው፤ ተነሥታ ሄዳ ይዛው ተመለሰች። ገጹ ግን «ጊዜዎ አልፏል» ብሎ የሞላችውን ሁሉ አጥፍቶ ነበር። ስልኩን ዘጋችው። በእኛ መዝገብ «ካቋረጡት» አንዷ ሆና ትቆጠራለች። የቅጹ ርዝመት ምንም አላደረጋትም፤ ምን ይዛ መቅረብ እንዳለባት አስቀድሞ የነገራት፣ እስክታመጣም የጠበቃት አልነበረም።

የዲዛይንና የከተማ ዕቅድ ምሁራኑ ሆርስት ሪተልና ሜልቪን ዌበር እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ ማኅበራዊ ዕቅድ ሲጽፉ፣ የችግሩን መንሥኤ የምናስረዳበት መንገድ የመፍትሔውን ዓይነት እንደሚወስነው አሳይተው ነበር። የብሪታንያው ዲዛይን ካውንስል ያስተዋወቀው «ድርብ አልማዝ» የሚባለው የአሠራር ሥርዓትም ሥራውን በሁለት አልማዝ ቅርጾች ከፍሎ ያሳያል፤ ሁለተኛውን ለመፍትሔው ሲሰጥ የመጀመሪያውን አልማዝ በሙሉ ችግሩን ለመረዳት ይተወዋል። ጊዜ ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው ደግሞ ይኸው ክፍል ነው፤ በስክሪን ላይ የሚታይ ነገር ስለማይወጣው ይመስለኛል።

የሥራውን መስመር እንዲህ አድርጌ ጻፍኩት፦ «ሰዎች ሰነዳቸውን ፈልገው እስኪመለሱ የጀመሩት ምዝገባ እንዴት ይቆያቸው?» ክርክሩ ወዲያው ሌላ መልክ ያዘ። ስለ ቁልፎችና ስለ ቀለም ማውራት ቀርቶ፣ አንዱ ባልደረባችን አንድን ስልክ ለብዙ ሰው ስለሚጋሩ ቤተሰቦች አነሣ፤ የተጀመረው ቅጽ ከተቀመጠ ቀጥሎ ስልኩን የሚይዘው ሰው ያየዋል። ስለ ቅጹ ርዝመት ብቻ ስንጨነቅ እነዚህ ሰዎች ከናካቴው ትዝ አላሉንም ነበር።

ጥያቄውን ማለቂያ እስኪያጣ ማስፋትም ሥራ ያስቆማል፤ እኛ ልንለውጠው የምንችለው ነገር ውስጡ መኖር አለበት። ቢሆንም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መሄድ የሚገባን ይመስለኛል፦ የመታወቂያ ቁጥሩ ገና በምዝገባ ላይ ለምን ይጠየቃል? ሕግ አስገድዶ ነው ወይስ የቀድሞው የወረቀት ቅጽ ስለሚጠይቅ ብቻ? ነገ ጠዋት የሕግ ክፍሉን ባልደረባችንን አነጋግራለሁ። እስከዚያ አዲስ ገጽ አልሥልም።