ፕሮሰሰርን ከማዘግየቴ በፊት ለመድገሚያ የሚሆን ጊዜ ማስቀመጥን እንዴት ተማርሁ

በባለ አራት ኮር (ማለትም አራት የማስሊያ ክፍሎች ባሉት) ፕሮሰሰር የሚሠራ የሞተር መቆጣጠሪያን የኃይል ፍጆታ እንድቀንስ ሥራው ሲሰጠኝ መንገዱ አጭር መስሎኝ ነበር። ተግባራቱ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ በየጊዜው የሚያካሂዳቸው የፕሮግራም ሥራዎች፣ ከጊዜ ገደባቸው ብዙ ቀደም ብለው ይጠናቀቁ ስለነበር፣ ትርፉን ጊዜ በሙሉ ፍሪኩዌንሲን (የፕሮሰሰሩን የሰዓት ምት ፍጥነት) እና ቮልቴጅን ዝቅ ለማድረግ አዋልሁት። ቮልቴጅ በግማሽ ሲቀንስ ትራንዚስተሮቹ ለአንድ የሰዓት ምት የሚፈጁት ኃይል ወደ ሩብ ስለሚወርድ፣ ውጤቱ ወዲያው ታየ።

ያላሰብሁት ነገር ግን ነበር። ቮልቴጅ ሲያንስ አንድን ቢት (0 ወይም 1 የሆነ የመረጃ አሃድ) ይዞ የሚያቆየው የኤሌክትሪክ ቻርጅም ያንሳል፤ በዚህ ምክንያት ከከባቢ አየር የሚመጣ ኒውትሮን ወይም ከቺፑ ማሸጊያ የሚወጣ የአልፋ ቅንጣት ቢቱን በቀላሉ ይገለብጠዋል። ሥራው ሲዘገይም ለዚህ አደጋ የሚጋለጥበት ጊዜ ይረዝማል። ሆን ብዬ ስህተት እያስገባሁ ስፈትን መመርመሪያው ስህተቱን ቢይዝም ተግባሩን ለመድገም የቀረ ጊዜ አልነበረም፤ ትርፉን ጊዜ አስቀድሜ ጨርሼው ነበርና።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገለበጥሁት። በየ100 ሚሊሰከንዱ የሚነሳና በሙሉ ፍጥነት ቢበዛ 30 ሚሊሰከንድ የሚወስድ ተግባር እንውሰድ። መጀመሪያ ለድጋሚ ሙከራ፣ ያውም በሙሉ ፍጥነት፣ 30 ሚሊሰከንድ አስቀምጣለሁ፤ ከዚያ ዋናውን በግማሽ ፍጥነት ባካሂደው በ60 ሚሊሰከንድ ያልቃል፣ ድጋሚውም ከገደቡ በፊት ይገባል። የውጤት ማረጋገጫው የሚወስደው ጊዜም በ30ው ውስጥ መቆጠር አለበት፤ እኔ ይህን በመጀመሪያው ስሌት ዘልዬው ነበር።

ረጅም ጊዜ የሚወስዱት ከባድ ተግባራት ብዙ አደከሙኝ። ከ100 ሚሊሰከንድ 60ውን የሚፈልግ ተግባር በዚያው ኮር ላይ ሊደገም ስለማይችል፣ መጠባበቂያ ቅጂውን በሌላ ኮር ላይ አስቀመጥሁ፤ ይህም አንዱ ኮር ጨርሶ ቢበላሽ ይጠቅማል። ቅጂው እስከ 40ኛው ሚሊሰከንድ ድረስ እንዲቆይ አደረግሁ፤ ዋናው ሥራውን በትክክል እንደጨረሰም ይሰረዛል። ተግባራት ለክፉ ቀን የተሰላላቸውን ጊዜ በሙሉ የሚጠቀሙት አልፎ አልፎ በመሆኑ፣ ዋናው በ35ኛው ሚሊሰከንድ ካበቃ ቅጂው ጭራሽ አይነሳም። ዋናውን ሳዘገየው ግን ሁለቱ አብረው የሚሠሩበት ጊዜ ይረዝማል፤ ቅጂው በሙሉ ቮልቴጅ የሚፈጀው ኃይልም በማዘግየት የተገኘውን ቁጠባ ይበላል። ስለዚህ ከባዶቹን በሙሉ ፍጥነት መተውን መረጥሁ፤ በእኔ እምነት ይህ ከሁሉም የተሻለው ውሳኔ ነበር።

ሌላው ያጋጠመኝ ችግር የሃርድዌር ነው፤ ኮሮቹ አንድ የቮልቴጅ ምንጭ ስለሚጋሩ፣ አንዱ ሙሉ ፍጥነት እስከፈለገ ድረስ የሌሎቹ ቮልቴጅ አይወርድም። ስለዚህ ቀላሎቹ ተግባራት ጎን ለጎን በአንድ ጊዜ እንዲዘገዩ የሥራ መርሐ ግብሩን እንደገና ማዘጋጀት ነበረብኝ።

ፍጥነቱንም እስከ መጨረሻው ዝቅ አላደረግሁም። ከአንድ ደረጃ በታች ሥራው ስለሚረዝም፣ ትራንዚስተሮቹ ሳይሠሩም የሚያፈሱት ኃይልና ማህደረ ትውስታው የሚፈጀው ተደምረው ጠቅላላ ፍጆታውን መልሰው ያሳድጉታል። ያንን ወለል ያገኘሁት የፕሮሰሰሩን ብቻ ሳይሆን እሱ የተገጠመበትን የመላውን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ፍጆታ በየፍሪኩዌንሲው ለክቼ ነው፤ ዛሬ መርሐ ግብር አውጪው፣ ማለትም የትኛው ተግባር መቼና በምን ፍጥነት እንደሚሠራ የሚወስነው ፕሮግራም፣ ከዚያ በታች እንዳይወርድ ታግዷል።