ሜዳ ነው አትበሉኝ፦ 21 ኪሎ ሜትር በጣና ዳር

ግማሽ ማራቶንን ከሁለት ሰዓት በታች ገባሁ! ለብዙዎቻችሁ ይህ ተራ ነገር ይሆናል። እኔ ግን ሰሞኑን ሰው ባገኘሁ ቁጥር ወሬውን ወደ ሩጫ እየጠመዘዝኩ ነው። ቤተሰቡ ስለሰለቸው ለእናንተ ልጻፈው ብዬ ነው።

ሜዳሊያም ቲሸርትም ያለው ውድድር አይደለም። ባሕር ዳር ያለን ሯጭ ጓደኛሞች ራሳችን ያሰናዳነው ነው። ዓባይን በአዲሱ ድልድይ እንሻገራለን፤ በጎንደር መንገድ ወደ ዘንዘልማ አቅጣጫ ሄደን እንመለሳለን፤ የቀረውን በሐይቁ ዳር እንጨርሳለን። አጀማመሬ እንደማንም ነው። ሮጥ፣ ራመድ፣ ደግሞ ሮጥ። ከዚያ 5 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ 10። ጉልበቴን ያመኛል፣ ይተወኛል። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ልዝለለው።

እኔን ያስቸገረኝ ከ15ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ያለው ነው። ሙቀቱ።

ባሕር ዳር ሲባል ሰው የሚታየው ሜዳ፣ ዘንባባና የሐይቅ ነፋስ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጡት ጓደኞቻችን ደግሞ ሌላም ስሌት አላቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እኛ 1,800 ገደማ ላይ። «እዚህ ትንፋሽ አያጥረንም፣ እንበራለን» ይላሉ። እውነትም ይበራሉ። ሲመለሱ ግን ድልድዩ ላይ ወገባቸውን ይዘው እናገኛቸዋለን። ድልድዩ 380 ሜትር ነው፤ ጥላ የሚባል ነገር የለውም። በ2016 ዓ.ም. ሲመረቅ ለእግረኛና ለሳይክል የተለየ መስመር ስለተሠራለት ለሩጫ ግሩም ነው። ግን በማለዳ።

ነገሩ ቀላል ነው። ሰውነት ሲግል ልብ ሁለት ሥራ ይደረብበታል። ለጡንቻ ደም ይልካል፤ ሙቀቱን ለማስወጣት ደግሞ ወደ ቆዳ ይልካል። ስለዚህ ፍጥነታችሁ ሳይጨምር የልብ ምታችሁ ይጨምራል። ላብም የሚያቀዘቅዘው ሲተን ነው፤ ተንጠባጥቦ መሬት የወረደው አይጠቅማችሁም። ሐይቅ ዳር ደግሞ ማለዳ አየሩ እርጥብ ነው። የምንመካበት ነፋስም የሚነሳው መሬቱ ከውሃው በላይ ሲሞቅ ነው፤ ማለትም እኛ ቤት ከገባን በኋላ።

መፍትሔ ብዬ ብዙ ነገር ሞክሬያለሁ። የሠራልኝ በሙቀት ቀስ ብሎ መሮጥ ነው። ሁለት ሳምንት ገደማ፣ ረፋድ ላይ፣ እያወሩ መሮጥ በሚቻልበት ፍጥነት። በዚያ ጊዜ ውስጥ የደም ፈሳሹ ክፍል ይጨምራል፣ ላብ ቶሎ ይጀምራል፣ በላብ የሚወጣው ጨው ይቀንሳል። ችግሩ ቀስ ማለት ያሳፍራል። በዚህ ከተማ ሳይክል የማይነዳ የለም። አንድ ሽማግሌ በሳይክል አጠገቤ ደርሰው «ልጄ፣ ከሮጥክ ሩጥ እንጂ!» ብለውኝ አልፈዋል። ሳቅኩና በዚያው ቀጠልኩ። የኛ ትልልቅ አትሌቶች እንኳ በቀላል ቀናቸው ጫካ ውስጥ ሲሮጡ ላያቸው ሰው የሚዝናኑ ነው የሚመስሉት።

እዚህ ላይ አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ላስቲክ ለብሶ፣ ጃኬት ደርቦ የሚሮጠው ሰው። «ላብ ላውጣ» ይላል። ወንድሜ፣ የወጣው ውሃ ነው፤ ስትጠጣ ይመለሳል። ቦርጭ በላብ አይወርድም። በባሕር ዳር ሙቀት ደግሞ ራስህን ልትጥል ትችላለህ። ይህን እንደ ሙያ የሚመክሩ ሰዎች አሉ፤ በጭራሽ አልስማማም።

ሁለተኛው መላ የመንገዱን ቅደም ተከተል መገልበጥ ነው። ድሮ በሐይቁ ዳር ጀምረን ጎንደር መንገድ ላይ ነበር የምንጨርሰው። ጥላውን ፀሐይ ሳትወጣ እንጨርሰዋለን፤ አስፋልቱ ላይ ስንደርስ ፀሐይዋ ትቀበለናለች። አሁን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አስፋልቱን እንጀምራለን፤ ዛፉን ለመጨረሻ እናስቀምጣለን። ሌላም ጥቅም አለው። ጎህ ሳይቀድ ውሃው ዳር መሮጥ አይመከርም። ውሻው ይቅርና ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ። ከጉማሬ ጋር ፉክክር የሚፈልግ ካለ መልካም ዕድል።

ስለ ፍጥነት አጭር ነገር፦ ሁለት ሰዓት ለመግባት በኪሎ ሜትር 5 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ይበቃል። ሰዓቴ ከ5፡35 በታች ካሳየኝ ቶሎ እቀንሳለሁ። ደስ አይልም። ሌሎቹ ጥለውኝ ይሄዳሉ። ግማሾቹን በኋላ አገኛቸዋለሁ፣ ግማሾቹን አላገኛቸውም።

ወደ ሆድ እንምጣ። በሶ እወዳለሁ፤ ከሩጫ ሁለት ሰዓት በፊት የተበጠበጠ በሶ የሚያህል ነገር የለም። በሩጫ መሃል ግን አይሆንም፤ ለኔ ቢያንስ ሆዴ ውስጥ ይንቦጫረቃል። መንገድ ላይ ቴምር ይሻለኛል፤ ኪስ ውስጥ ይቀመጣል፣ ዋጋውም ከውጭ ከሚመጣው፣ ሯጮች ለኃይል ከሚመጡት ጣፋጭ ጄል ጋር አይወዳደርም። ለመጠጥ አንድ ጓደኛችን በሳይክል ይከተለናል። የያዘው ቤት የተበጠበጠ ነው፦ ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ከተገኘ ሎሚ። ስትጠሙ ጠጡ። ባዶ ውሃ ያለ ልክ መጠጣትም የደምን ጨው አቅጥኖ ይጎዳል፤ «ብዙ ጠጣ» የሚለውን ምክር በጅምላ አልቀበለውም።

ሁዳዴ ላይ ግን ምንም ብልሃት የለኝም። ጾሙ የሚገባው ሙቀቱ 30 ዲግሪ በሚነካበት ሰሞን ነው። እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ ጠዋት ረጅም ሩጫ አትውጡ፤ ያፈሰሳችሁትን ውሃ ቀኑን ሙሉ አትተኩትም። ወደ ማታ 11 ሰዓት አዙሩት፣ አጭርም ይሁን። እኔ ራሴ ያን ወቅት ግማሹን ተኝቼ ነው ያሳለፍኩት፣ ስለዚህ ከዚህ በላይ አልመክርም።

ሜዳ ብቻውን ሰዓት እንደማያመጣ የስፔኗን የቫሌንሲያን ግማሽ ማራቶን እዩ። እሷም ውሃ ዳር ያለች ሜዳ ከተማ ናት። ለተሰንበት ግደይ እ.ኤ.አ. በ2021 በ1፡02፡52፣ ዮሚፍ ቀጀልቻ በ2024 በ57፡30 የዓለም ክብረ ወሰን የሰበሩት እዚያ ነው። ሁለቱም ግን የሮጡት በጥቅምት፣ የአውሮፓ የበጋ ሙቀት ካለፈ በኋላ ነው። የኛም ጥሩው ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ ማለዳው ይቀዘቅዛል፣ ዝናብም የለም። ቀጣዩን 21 ኪሎ ሜትር ኅዳር ላይ አስበናል። ከአዲስ አበባ የምትመጡ ካላችሁ ቢያንስ ሳምንት ቀደም ብላችሁ ግቡ፤ ሳይክል የሚነዳልን አንድ ተጨማሪ ሰውም እንፈልጋለን።